ዘጠኝ ቁጥር ማነው?

ግንቦት አጋማሽ ላይ ለማንም የማልሰጣት አንዲት የሳምንት መጨረሻ አለችኝ። የአውሮፓ ክለቦች የቅርጫት ኳስ ዋንጫ የሚለይባት ናት። ዓመቱን ሙሉ ሲናከሱ ከከረሙት ክለቦች አራት ብቻ ይቀሩና አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰባሉ። ዓርብ ሁለት ጨዋታ ይደረጋል፣ ሁለቱ ይወድቃሉ። እሁድ ዋንጫው ነው። ከዋንጫው በፊት ግን ዓርብ የወደቁት ሁለቱ፣ ዓይናቸው እንዳበጠ፣ ለሦስተኛ ደረጃ ይጋጠማሉ። ሰው ሁሉ ለዋንጫው ሲቀመጥ እኔ የምቀመጠው ለዚህኛው ነው። ይኼን ጨዋታ ማንም አይፈልገውም። ተጫዋቹ ሻንጣውን አስሯል፣ አሰልጣኙ መሬት መሬት ያያል፣ ተመልካቹ ገና ወንበሩን እየፈለገ ነው። ያ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ ጎረምሳ፣ ፎቶው በየአደባባዩ የተሰቀለለት፣ ኳሷ አጠገቡ ስትንከባለል ጎንበስ ብሎ ማንሳት ሲታክተው ሳይ ደስ ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ? ደስ ይለኛል።

ሱቄ መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነው። ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ የስፌት መኪና መርፌ እሸጣለሁ። እሁድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ እኔም ሻተሩን እስከ ወገብ አወርድና ከክሩ ካርቶን በላይ የሰቀልኳትን ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። የሰፈሩ ወጣት ነጋዴዎች ከእግር ኳስ ሌላ ኳስ ያለ አይመስላቸውም። ቢሆንም ጨዋታ ፍለጋ ከሻተሩ ሥር ጎንበስ እያሉ ይገባሉ። "ጋሼ ሰይድ፣ ዛሬም እነዚህን ረጃጅሞች ነው የሚያዩት?" ይሉኛል። "እነዚህ ቢያንስ ትከሻቸውን ሲነኳቸው መሬት ላይ አይንከባለሉም" እላቸዋለሁ። ጎረቤቴ ሐጂ በድሩም ይመጣሉ፤ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ፣ መንደሩ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጨዋታው አይገባቸውም፤ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ "ይኼኛው ልጅ ምነው ዘንድሮ ከሳ?" ይላሉ፣ ልጁን ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን። እኔ የምቀመጥበት ወንበር ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ቀኝ ጉልበቴ አይታጠፍም፤ እግሬን እንደ እንጨት ፊት ለፊቴ ዘርግቼ፣ ክራንቼን ከጎኔ አስደግፌ ነው የማየው።

ነስሩም ይመጣል። መርካቶ ውስጥ ነስሩን የማያውቅ የለም። የስፖርት ጫማና ቱታ በኮንቴይነር የሚያስመጣ፣ የራሱ ሕንፃ ያለው ሰው ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ለዚህች እሁድ ሲል ቴምር በካርቶን አስይዞ ይመጣና ከጎኔ ይቀመጣል። ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያውን መደርደሪያ ያሠራልኝ እሱ ነው፤ ይኼን አልክድም። ታዲያ ኳሷ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ ጠብቆ ወደ ወጣቶቹ ይዞርና ይጀምራል። "ይኼ ምን አለው? እኔ እዚሁ ሰባተኛ ሜዳ፣ ዘጠኝ ቁጥር ለብሼ፣ ከዳር ቆሜ ስለቃት ቅርጫቱን ሳትነካ ነበር የምትገባው። ሰይዶ ይመስክር!" ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ። እኔ ቴምር አነሳለሁ። ስንት ግንቦት እንዲህ ቴምር እያላመጥኩ እንዳለፈ አላውቅም። ከነስሩ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሕንፃውንም መደርደሪያውንም አይደለም። በሰው ፊት "ዘጠኝ ቁጥር እኔ አልነበርኩም፤ ሰይድ ነበር" እንዲል ነበር የምፈልገው። ይኼን ከመስማቴ በፊት እንዳልሞት እለምን ነበር።

ያኔ ሰባተኛ እንዲህ በሕንፃ አልታፈነም። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሽቅብ ስትመጣ ሰማይ ይታይሃል፤ ግራና ቀኙ የጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮው የዛገ፣ ደጁ ላይ ነጋዴው ረከቦት የመሰለ ትንሽ በርጩማ አውጥቶ የተቀመጠበት። ሻይ በአስር ሳንቲም ነበር፤ ብርጭቆው ትንሽ፣ ስኳሩ ብዙ። ምስር የሞላባት ትኩስ ሳምቡሳ ከዳቦ ጋር ከበላህ እስከ ማታ ማንም አይደርስብህም። ውይይት የምንላቸው ታክሲዎች ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጠው፣ የአንዱን ጉልበት ከሌላው ጉልበት አቆላልፈው ይሄዳሉ፤ እኔ ረጅም ስለነበርኩ ረዳቶቹ "አንተ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው!" ይሉኝ ነበር። ጎረምሳው ጸጉሩን አጎፍሮ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ከኮቱ ውጪ ዘርግቶ ይንጎራደዳል። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ ጫማውን ዓርብ ማታ አጥቦ ቅዳሜ ጠዋት በጠመኔ ያነጣዋል፤ ሲራመድ ነጭ ዱቄት ከኋላው ይቀራል። ከሙዚቃ ቤቱ ደጅ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የተከዳ አፍቃሪ እንጉርጉሮ ሲያሰማ ይውላል፤ ከእኛ ግቢ ደግሞ እናቴ ወሎ የቀሩትን ዘመዶቿን እያሰበች መንዙማ ስታንጎራጉር ይሰማል። ዛሬ ያ ሙዚቃ ቤት የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ድምፅ ማጉያ አሁንም አለው፤ "ሃምሳ ብር! ሃምሳ ብር!" እያለ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚዘፍነው።

አጎቴ ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። ከውጭ የሚመጣ አሮጌ ልብስ የታሰረበትን ቦንዳ ነጋዴው ሳይፈታ ነው የሚገዛው፤ ኮት ይውጣለት ወይ ጨርቅ የሚያውቀው ከፈታ በኋላ ነው። አንድ ቀን አጎቴ አንዱን ቦንዳ በቢላ ሲቀደው የሴቶች የዋና ልብስና ወፍራም አረንጓዴ ማልያ ወጣ። እጅጌ የሌላቸው፣ ደረታቸው ላይ የውጭ አገር ጽሑፍ ያለባቸው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር የተሰፋባቸው ሰባት ማልያዎች። አጎቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። "እጅጌ የሌለው ልብስ መርካቶ ላይ ማን ይገዛኛል? ውሰዳቸው፣ ከፊቴ አጥፋቸው!" ብሎ ወረወረልኝ። ያን የቦንዳ ሽታ፣ የናፍታሊንና የባሕር ማዶ ሳሙና ሽታ፣ እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ።

ማልያዎቹን ለጋሼ ተካ ወሰድኳቸው። ጋሼ ተካ ውጭ ተምሮ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የሰፈሩን ልጆች ቅርጫት ኳስ ያሠለጥናል። ጽሑፉን አነበበና ዓይኑ በራ። እነዚህ የአውሮፓ ክለብ ማልያዎች ናቸው አለን። እዚያ አገር አራት ክለቦች በአንድ ሳምንት መጨረሻ እንዴት እንደሚፋለሙ፣ የወደቁትም እንኳ ወደ ቤት እንደማይለቀቁ፣ ለሦስተኛ ደረጃ ዳግመኛ እንደሚሰለፉ ነገረን። "እኛም እንደዚያ እናደርጋለን" አለ። አራት የመርካቶ ሰፈር ተመረጠ፤ ሰባተኛ፣ ሳጥን ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ። የምን አለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች ቅርጫቱን ከቶንዲኖ ብረት አጥፈው፣ ዋንጫውን ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ሠሩልን። አንደኛው ቅርጫት ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ እኔ ያን ዝንባሌ በልቤ ይዤው ስለነበር ወደዚያ ስወረውር አልስትም ነበር።

የእኛ ቡድን አሥር ልጅ፣ ማልያው ሰባት። ስለዚህ ሥርዓት አበጀን። ከሜዳ የሚወጣ ልጅ ማልያውን እዚያው አውልቆ ለሚገባው ያጠልቅለታል። በላብ የረጠበ ማልያ ፊትህ ላይ ሲወርድ ትንፋሽ ያሳጥርሃል፤ ግን ማንም አይጸየፍም። አንድ ቁጥር ሁለት ሦስት ልጅ ይለብሰው ነበር። ሰፈሩ ሁሉንም ስለሚያውቅ ማንም አይሳሳትም። ዘጠኝ ቁጥር የእኔ ነበር፤ ስደክም የሚቀበለኝ ነስሩ ነው። ነስሩ ያኔ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ምላሱ ግን ከሁላችንም የረዘመ ልጅ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጫማ ሲጠርግ የጀመረ፣ በኋላ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔና ነስሩ አንድ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን ነው ያደግነው፤ ትልቁን ለማን እንደሚሰጥ እንኳ ተጨቃጭቀን አናውቅም።

ያ ዓመት የጦርነት ዓመት ነበር። የትኛው ጦርነት፣ ማን ከማን ጋር፣ አሁን ማስረዳት አልፈልግም፤ ሁሉም የየራሱ መልስ አለው። ለእኛ ጦርነቱ ማለት አፈሳ ነበር። በየሰፈሩ ወንድ ልጅ እየታፈሰ ወደ ግንባር ይጫናል። መኪናው ሲመጣ እናቶች የድስት ክዳን እየመቱ ያስጠነቅቃሉ፤ ጎረምሳ ሁሉ ጣሪያ ላይ ይወጣል። እኔ ግን የት እደበቃለሁ? አልጋ ሥር ስገባ እግሬ ይቀራል። ከዚህ የሚያድን አንድ ነገር ነበር፤ የፋብሪካ መታወቂያ። ከከተማው ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ ጠንካራ የቅርጫት ኳስ ክለብ ነበረውና፣ ተጫዋች አድርጎ የወሰደው ልጅ መታወቂያ ኪሱ ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም። ጋሼ ተካ "የፋብሪካው ሰውዬ እሁድ ይመጣል። አንድ ልጅ ይፈልጋል" ሲለን እርስ በርስ ተያየን። አንድ ነው ያለን።

ቅዳሜ በሳጥን ተራ ተሸነፍን። አልቅሰን ወደ ቤት ሄድን። እሁድ ከዋንጫው በፊት ከምን አለሽ ተራ ጋር ያን ማንም የማይፈልገውን ጨዋታ ገባን። ሰው ገና አልሞላም፤ ሴትዮዋ ቆሎዋን እያመቻቸች ነው። እኔ ግን እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም። የሚያጡት ነገር ከሌለ እጅ ይፈታል። ከግራ ወረወርኩ ገባ፣ ከቀኝ ወረወርኩ ገባ፣ ሁለት ሰው ተደርቦብኝ ወረወርኩ ገባ። ቀና ስል ከሜዳው ባሻገር ካለው ፎቅ ቤት በረንዳ ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ቆሟል። ከዚያ ርቀት ፊት አይለይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚለየው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነስሩን ዳር ላይ አየሁት። አልገባም ነበር። ጥፍሩን ይበላል። ወደ ጋሼ ተካ ሮጬ "ነስሩ ይግባ፣ ሰውዬው እሱንም ይየው" አልኩት። ማልያውን አወለቅሁ። በራሴ እጅ በነስሩ ራስ ላይ አጠለቅኩት፣ ጀርባው ላይ ቁጥሩ የተጣጠፈበትን እንኳ አስተካከልኩለት።

ጨዋታው ሲያልቅ ሰውዬው ከፎቅ ወረደ። ሁላችንም ከበብነው። መነጽሩን ሳያወልቅ "ዘጠኝ ቁጥር ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ነስሩ።

አላመነታም። እኔ በካናቴራ ቆሜያለሁ፤ ላቤ ገና እየወረደ ነው። የቀለደ መሰለኝና ፈገግ አልኩ። ሰውዬው እጁን ነስሩ ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ ነው የገባኝ። "እኔ ነኝ! ዘጠኝ ቁጥር እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ካናቴራዬን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ደረቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው። "አንተ ደግሞ ስንት ቁጥር ነህ? ቀዳዳ ቁጥር?" አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። የገዛ ቡድኔ ሳቀ። ለምን እንደሳቁ ብዙ ዘመን አስቤበታለሁ፤ ቀልዱ ጥሩ ስለነበር ነው። ጋሼ ተካን አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር፤ የታሰረውን ክር። በኋላ ለብቻዬ ወስዶ "ሰይዶ፣ አንተ ጎበዝ ስለሆንክ ሌላ ዕድል ታገኛለህ። ነስሩ ግን ሁለተኛ አያገኝም" አለኝ። ደግ ሰው ነበር ይሉታል። ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልቅሶለታል፤ እኔም ሄጃለሁ፣ ዓይኔ ደረቅ እንደሆነ ተመለስኩ።

እንግዲህ ከነስሩ ጋር ለምን አልተቆራረጥክም ትሉኝ ይሆናል። ሳጥኑ ነው። አፈሳው ሲበረታ ነስሩ ቤቴ መጣ። ስለ ማልያው አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ዳቦ ይዞልኝ ነበር። "ሳጥን ተራ አጎቴ ዘንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ለሙሽራ የታዘዘ። እሱ ውስጥ ትገባለህ፣ እኔ ዳቦና ውኃ አመላልስልሃለሁ" አለኝ። ሳጥኑን ራሱ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ቀዳድቶ አየር እንዲገባኝ አደረገ። ጉልበቴን ደረቴ ላይ አጥፌ ገባሁ። ያን ጊዜ እንደ ልብ ይታጠፍ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ተኝቼ የቀለሙን ሽታ እየሳብኩ፣ ለነስሩ የማልያውን ግማሽ ይቅር አልኩት። በማግስቱ ቦት ጫማ ሰማሁ። በተራው ላይ የተደረደረውን ያን ሁሉ ሳጥን አልፈው እኔ ያለሁበት ዘንድ ቆሙ። ክዳኑ ሳይነሳ "ውጣ አንተ ረጅሙ!" አሉኝ። ክዳኑ በቁመቴ የተነሳ በደንብ ስላልገጠመ ያዩኝ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ቁመቴን ስረግም ኖርኩ።

ስለ ግንባሩ አልናገርም። ጉልበቴን እዚያ ተውኩ፣ ይበቃል። ስመለስ መንግሥት ተለውጧል፣ ሰልባጅ ሻጩ አጎቴ ሞቷል፣ ሜዳችን ላይ መጋዘን ተሠርቷል። ነስሩ አገኘኝና አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። በክለቡ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ፣ ክለቡ ሲፈርስ ወደ ንግድ ገብቶ ነበር። ሲያለቅስ አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። "ወፍራም ጃኬት ያስፈልግሃል" ነው ያለኝ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮዋ እሁድ እንመለስ። ዘንድሮ ነስሩ ሐጅ ሊሄድ ነው፤ በረራው ከእሁዷ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱንም ጠላቱንም እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። የሚጠየቀውም "አፉ ብያለሁ፤ አላህ ይቀበልህ" ብሎ ይሸኛል። በደሉን ዘርዝር የሚል የለም፤ ወግ አይደለም። ነስሩ መርካቶን ሲዞር ሰንብቶ መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ጺሙን ሂና ቀብቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ ተሸናፊዎች እየተጎተቱ ይጫወታሉ። ሱቅ ውስጥ ሐጂ በድሩና ሁለት ወጣት ነጋዴዎች ነበሩ።

"ሰይዶ፣ አንተን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው" አለኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "በማውቀውም በማላውቀውም በድዬህ ከሆነ አፉ በለኝ።"

"የማታውቀውን ተወው" አልኩት። "የምታውቀውን ንገረኝ።"

ነስሩ እጄን አልለቀቀም፤ ጣቶቹ ግን ላሉ። ሐጂ በድሩ ሙስበሃቸውን አቆሙ። "ሰይድ፣ ኧረ እንዲህ አይጠየቅም። ሰውዬው መንገደኛ ነው" አሉ።

"ይጠየቃል ሐጂ። እርስዎም ይስሙ፣ እነዚህም ልጆች ይስሙ። አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። ከአፉ ይውጣ። ካወጣው እዚሁ በእርስዎ ፊት አፉ እላለሁ፤ ካላወጣው ግን አልልም። ይሂድ፣ ካዕባን ይዙር፣ ጸጉሩን ይላጭ፤ የእኔ ነገር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ይመለሳል።"

ከወጣቶቹ አንዱ "ኧረ ጋሼ ሰይድ፣ በአላህ" አለ። የነስሩ ላብ ከሂናው ጋር ተደባልቆ አንገትጌው ላይ ቀይ መስመር አሰምሯል። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ደቂቃ ያጣጣምኩት የለም። ከቴምሩ ይጣፍጥ ነበር። ነስሩ ወደ ሐጂ በድሩ አየ፣ ወደ በሩ አየ፤ በሩ እስከ ወገብ ተዘግቷል። ከዚያ ቀስ ብሎ መሬት ላይ፣ ከማይታጠፈው እግሬ አጠገብ፣ ተቀመጠ።

"የሳጥኑ ነገር" አለ።

"የምን ሳጥን?"

"ያዙኝ፣ ሰይዶ። የዚያን ቀን ዳቦህን ይዤ ስመጣ መንገድ ላይ ያዙኝ። የፋብሪካው መታወቂያ ገና አልወጣልኝም ነበር። መኪና ላይ ሊጭኑኝ ሲሉ 'አንድ አሳየንና ሂድ' አሉኝ።" እጁን አነሳ። አመልካች ጣቱን አየሁት፤ የብር ቀለበት ነበረበት። "በዚህ አሳየኋቸው። 'ረጅም ነው፣ እዚያ ውስጥ ነው' አልኳቸው። ዳቦህን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ወላሂ ሰይዶ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳላስበው አልዋልኩም። ጉልበትህን ባየሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እላለሁ። መደርደሪያውም፣ በየዓመቱ መምጣቴም ለዚያ ነው።"

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ጉልበቴ ቀዘቀዘኝ፣ እውነተኛ ቅዝቃዜ። ቀጥሎ ጦር ግንባሩ፣ ውርጩ፣ ስማቸውን የማልጠራቸው ልጆች መጡብኝ። በሕይወቴ ሰው ያመሰገንኩት ስለዚያ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ለነስሩ የነበረኝን ፍቅር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር ያስቀመጥኩት። ልነሳና በክራንቼ ራሱን ልፈነክተው ፈለግሁ። ግን ቆይቶ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ የጠበቅሁት ይኼ አልነበረም። የጠበቅሁት አልተባለም።

"ሰይድ" አሉ ሐጂ በድሩ። "ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ቃል ሰጥተሃል። ሰውዬው አውጥቶታል።"

"አንድ ጥያቄ" አልኩ። "ነስሩ፣ ማልያውስ?"

"የቱ ማልያ?"

"ዘጠኝ ቁጥር።"

ፊቱን ቀና አድርጎ አየኝ። እንባው ጉንጩ ላይ ነው። የሚዋሽ ሰው ፊት አውቃለሁ፣ ስነግድ ነው የኖርኩት፤ ይኼ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። "ዘጠኝ ቁጥርማ እኔ ነበርኩ እኮ" አለኝ። "ያን ቀን የጣልኳቸውን ረሳኻቸው እንዴ? አንተ እኮ ዳር ቆመህ ታጨበጭብልኝ ነበር።"

ስንት ዓመት ሆን ብሎ፣ ሊያቆስለኝ የሚያወራው ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ እያስታወሰ ነው። ከግራ የወረወርኳትን፣ ከቀኝ የወረወርኳትን፣ ሁለት ሰው ተደርቦብኝ የወረወርኳትን፣ አንድ በአንድ ወስዶ የራሱ ክንድ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ሳጥኑን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞታል። ማልያውን ግን ለብሶት ነው የኖረው።

"የሳጥኑን አፉ ብያለሁ" አልኩት። ሐጂ በድሩ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ነስሩ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል በእጄ ግንባሩን ገፋሁት። "ቆይ፣ አልጨረስኩም። ጉልበቴንም አፉ ብያለሁ። ጦር ግንባሩንም። ፈርተህ ነው፤ ፍርሃትን አውቀዋለሁ፣ እኔም እዚያ ሰው ነበርኩ። የማልያውን ግን አልልም።"

"ምን አድርጌ?" አለ። እንደ ሕፃን ነበር ያለው።

"ሂድና አስታውስ።"

"ሰይዶ፣ ማክሰኞ እኮ ነው በረራዬ! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ምን እንዳደረግሁ ንገረኝና አሁኑኑ እግርህ ላይ ልውደቅ!"

"ከነገርኩህማ የእኔ ትዝታ ነው። እኔ የምፈልገው ያንተን ነው።" ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርኩ። ተሸናፊዎቹ ጨርሰው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ሦስተኛ የወጡት እንኳ አልሳቁም። ሐጂ በድሩ ነስሩን ደግፈው አነሱት። "ይኼ ጭካኔ ነው" አሉኝ ከሻተሩ ሥር ጎንበስ ሲሉ። "ነው" አልኳቸው። ዋንጫውን ብቻዬን አየሁት፤ ማን እንደወሰደው ቢጠይቁኝ ግን አላውቅም።

ነስሩ ከመካ ይደውልልኛል። ወጣቶቹ አንሳለት ይሉኛል፤ አነሳለታለሁ። የሄደበትን ሁሉ ይነግረኛል፤ ሙቀቱን፣ የሰዉን ብዛት፣ ስሜን ጠርቶ ዱዓ ማድረጉን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ትናንትም ደወለ። "ሰይዶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳስበው አደርኩ" አለኝ። "እያንዳንዷን ኳስ አስታውሳታለሁ። እኔ ስወረውር፣ እኔ ሳገባ ነው የማየው። ሌላ የማየው የለም። የት ላይ ነው የበደልኩህ?"

"እዚያው ላይ" አልኩትና ዘጋሁበት።